ደጅ ያቆምኩት ባለቤቴ

ባለፈው ሰኔ አቡጀዲ ልገዛ ደሴ ፒያሳ ወርጄ አንድ ጨርቅ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ጣቃውን ከመደርደሪያው አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው፣ ያ ገና ውሃ ያልነካው የጥጥ ጨርቅ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። «ስንት ሜትር ልቁረጥልዎ፣ እማማ?» ይለኛል፤ እኔ መቀሱን አያለሁ። ሰይድ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲመለስ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ገላውን ቢታጠብ፣ ሸሚዝ ቢቀይር፣ አንገቱ ሥር ያ ሽታ አይጠፋም ነበር። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁና በዚያ ሁሉ ባጃጅ መሐል ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ትንሽ ቆምኩ። ሰይድ ባለቤቴ ነበር። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለምን እንደሆነ እየቆየሁ እደርስበታለሁ። ዕድሜዬ ሰባን አልፏል፣ የሚያስቸኩለኝም ሰው የለም።

አቡጀዲው ለቀሚስ ነበር፣ ለቁርባን ቀሚስ። የንስሐ አባቴ በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ጨዋ ቄስ ናቸው። በዚያው ሰሞን ጠበል ሊረጩ ቤቴ መጥተው፣ ከተቀመጡ በኋላ፣ «እማማ ብዙነሽ፣ እንግዲህ ሰውየውም ካረፈ ዓመት አለፈው። ከአሁን ወዲያ የሚያግድዎ ነገር የለም። ያለፈውን ይናዘዙና ለፍልሰታ ይቁረቡ» አሉኝ። ያለፈውን ሲሉ ትዳሬን ማለታቸው ነው። እስላም አግብቼ ስለኖርኩ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አልቆረብኩም። ቅዳሴውን የምሰማው ከግቢው ጥግ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆሜ ነው። ቆራቢዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲወጡ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ አሳልፋቸዋለሁ። ቁርባን ናፍቆኛል፣ ይሄን አልደብቅም። ደግሞም ልጅ የለኝም፣ ወንድም የለኝም። ስሞት እድሩ ይቀብረኛል፤ ፍትሐት ይደረግልኝ አይደረግልኝ ግን በእኚሁ አባት ቃል ነው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ትዳር ኃጢአት ነበር ይበሉ ነው። ፍልሰታ ሳይገባ መልስ ልሰጣቸው ተቀጣጠርን።

ያ ትዳር እንዴት እንደተጀመረ ለተማሪዎቼ አውርቼላቸው ቢሆን ኖሮ ክፍሉ በሳቅ በፈረሰ። ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ደሴ ያኔ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ ላይ በሚወርደው ጉም ትሸፈንና አጠገብህ የቆመውን ሰው የምትለየው በሳሉ ነበር። ወንዱ ፀጉሩን አጎፍሮ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ይለብሳል፤ ሸዋበር ጭቃ ላይ ሲደርስ ግን በሁለት እጁ ሰብስቦ እንደ ሴት ቀሚስ ከፍ ያደርገዋል። እኛ መምህራኑ ከጉልበት ዝቅ ያለ ጉርድና ታኮ ጫማ። ሻይ ከነፓስቲው በስሙኒ፣ ሲኒማ በሽልንግ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ በአንድ ብር። ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ያንኑ የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል፣ ቃሉን ሳልፈልግ በቃሌ ያዝኩት። ዘመኑ ግን ዘፈኑን አይመስልም ነበር። ያለኝ አንድ ወንድሜ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ እንኳ ስትከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነው።

ወንድ በሌለበት ቤት በዓል ሲመጣ ችግሩ ዶሮ ነው። ሴት አታርድም። ስለዚህ ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ ደጅ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ «ወንድሜ፣ እረድልኝ» ትለዋለች፣ እምቢ የሚል የለም። የእኛ አገር ችግር ሌላ ነው። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ እኛ ደግሞ በመልክ አንለይ፣ በአነጋገር አንለይ፣ በአባት ስም እንኳ እርስ በርሳችን ተደበላልቀናል። ስለዚህ መጠየቅ ነው። እኔ አንድ የፋሲካ ዋዜማ በደጃችን የሚያልፈውን ሰው ስጠራ አልጠየቅኩም። ረጅም ሰው ነው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር አይቻለሁ፣ ማተቡ ነው ብዬ ጨርሻለሁ። «እሺ እህቴ» ብሎ ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቀለና አውራ ዶሮውን ከእጄ ተቀበለኝ። የዶሮውን አንገት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞረው ግር አለኝ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ሲል ቢላዋው አልፏል።

ዶሮው እስኪረጋ ጠብቄ «ማተብ አድርገህ የለም እንዴ?» አልኩት። ክሩን ከሸሚዙ ውስጥ መዞ አወጣው፤ ጫፉ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «የቤቴ ቁልፍ ነው። ኮምቦልቻ ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ኪሴ ቀዳዳ ነው» አለኝ። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝና «አንቺስ ሻሽሽን እንዲህ ጠቅልለሽ፣ መስጊድ ሥር ቆመሽ፣ ማን ክርስቲያን ናት ይልሻል?» አለ። እናቴ ከውስጥ «ታረደ?» ብላ ወጣችና ነገሩን ስትሰማ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። «በል እንግዲህ፣ ፋሲካዬን አረድክልኝ» አለችው። ሰይድ ኮቱን ሳያወርድ ሮጠ። የሄደ መስሎን ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከሰኞ ገበያ በኩል ከፊተኛው የሚተልቅ አውራ ዶሮ በብብቱ ይዞ፣ ነጠላ የለበሱ አንድ አዛውንት አስከትሎ መጣ። «እኔ ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፣ እርስዎም ይጠይቋቸው» አላት እናቴን። አዛውንቱ ተሰላችተው ማተባቸውን አውጥተው አሳዩዋት። እናቴ ሳቀች፤ ወንድሜ ከቀረ ወዲህ ስትስቅ ያን ቀን አየኋት። የመጀመሪያውን ዶሮ ሰይድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደው። በሳምንቱ ደግሞ እንዴት እንደጣፈጠ ሊነግረን ተመልሶ መጣ፣ ሰበብ አያጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እወርዳለሁ ወይ እሱ ይወጣል። ከደሴ ሹራብ ለብሶ መነሳት፣ ሐረጎ ላይ በጉም መሐል አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ሲጠማዘዝ ዓይን መጨፈን፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቡን አውልቆ ወገብ ላይ ማሰር። ቦርከና ወንዝ ዳር ተቀምጠን ሸንኮራ እንበላለን። ተቀየሪ አላለኝም፣ ተቀየር አላልኩትም። በሁለታችንም በኩል ያለው ሰው ግን ከሁለት አንዳችሁ ተቀየሩ ይል ነበር። እናቴ በዶሮው ቀን ተሸንፋለች፣ «ሰው ነው፣ ሰው መሆኑ ይበቃኛል» አለች። የሰይድ እናት ግን ከኮምቦልቻ በታች፣ ሐርቡ ሆነው አልተሸነፉም። አልረገሙንም፣ ዱዓም አላደረጉልንም፣ «ቤቴ እንዳትገባ» ብለው ላኩብኝ። ሰይድ የእናቱ ዱዓ የጎደለበት ነገር ሁሉ ግማሽ ነው የሚመስለው፤ በዚያ ምክንያት ሁለት ዓመት ቆየን። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈረምን። ምሳ ላይ ሥጋ ቢታዘዝ የማን ይሁን የሚል ጥያቄ ስለሚመጣ ከምስክሮቹ ጋር ሽሮ በላን። ሠርጌ በሽሮ ነው የተበላው እያልኩ ዕድሜ ልኬን አሾፍኩበት።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት ነበረን፣ ቀዩ የእኔ፣ ሰማያዊው የእሱ። ረቡዕና ዓርብ ከእኔ ጋር ይጾማል፣ ባልልም ይጾማል፤ ረመዳን ሲሆን እኔም ያለ እሱ ምሳ አይወርድልኝም፣ መግሪብን ጠብቄ ከእሱ ጋር በተምር አፈጥራለሁ። ጠዋት እሱ ምንጣፉ ላይ ሲሰግድ እኔ በዚያው ክፍል ወንበር ላይ ዳዊቴን እደግማለሁ። ቀድሞ የጨረሰው ሌላውን ይጠብቃል። ነገሩ ይሄው ነው፣ መጠበቅ። አስታውሳለሁ፣ አንድ ጠዋት ዳዊቴን ዘግቼ ቀና ስል ሰይድ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠኛል። «ምነው?» ስለው «እስክትጨርሺ ብዬ ነው፤ የአንቺ ሳያልቅ የእኔ ያለቀ አይመስለኝም» አለኝ። እኔ ሊቅ አይደለሁም፣ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው የማውቀው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እግዚአብሔር ወደዚያች ክፍል ሲመለከት ሁለት ሰው ሳይሆን አንድ ቤት የሚያይ ይመስለኝ ጀመር። ሃይማኖቴን አልተውኩም፣ እንዲያውም ጠበቅ አደረግኩት። የበፊቱ ጸሎቴ ለራሴና ለእናቴ ብቻ ነበር፤ እሱን ከወደድኩ በኋላ ጸሎቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሁሉ መግባት ጀመረ።

ይሄን ሁሉ የምትል ሴት ምን እንዳደረገች አሁን ልጻፈው። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ነበርና አዲሶቹ የሥራ ጓደኞቼ ማንን እንዳገባሁ አያውቁም። በሐምሌ ሥላሴ እነሱም መጥተው፣ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ስድስት ሆነን፣ የርዕሰ መምህሩን ባለቤት መሐል አድርገን ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። በሩ ላይ ሰይድ ቆሟል። ከኮምቦልቻ በቀጥታ መምጣቱ ነው፣ የሥራ ልብሱን አልቀየረም፣ ኮፊያውን አድርጓል። ጃንጥላዬን እንደተዘጋ በብብቱ ይዞ እሱ ይበሰብሳል። «ኧረ ተመልከቱት፣ ጃንጥላ ይዞ የሚበሰብስ» አለች አንዷ። የርዕሰ መምህሩ ባለቤት ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺን ነው መሰለኝ የሚያየው። ማነው?» አለችኝ። እኔም «ዕቃ የሚሸከምልን ሰው ነው፣ እናቴ ልካው ነው» አልኩ።

ሰምቷል። አራት እርምጃ ነበር በመሐላችን። ፊቱ ምንም አልሆነም፤ ቀረብ አለና ጎንበስ ብሎ ጃንጥላውን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይኸው፣ እሜቴ። እናትዎ እንዳይበሰብሱ ብለዋል» አለኝ። እሜቴ ብሎ፣ እርስዎ ብሎ። ከዚያ ዞሮ ቁልቁል ሄደ። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» አሉ ሴቶቹ፣ እኔም ደረቄን ቤቴ ገባሁ። ከሰል አቀጣጥሎ ሸሚዙን ያደርቃል። «ገባሽ?» አለኝ። «ከጃንጥላው አንዱ ዘንግ ተሰብሯል፣ ነገ አሠራዋለሁ።» አፌን ስከፍት ስለ ፋብሪካው አንድ የተበላሸ ማሽን ማውራት ጀመረ፣ አውርቶ አውርቶ እራት ደረሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም። በእሱ አፍሬ አይደለም፣ ሰዎቹን ፈርቼ ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ዓመት ነገርኩት። ሰበብ ነው። አፍሬበታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሐርቡ አንድ ሰው ነጭ በግ እየነዳ ቤታችን መጣ። «የሰይድ እናት ናቸው የላኩት» አለኝ። «በራሷ ሰው አሳርዳ ትብላ፣ ስትችል ደግሞ ትምጣ ብለዋል።» ከነነፍሱ መላካቸው ነው ያስለቀሰኝ። ታርዶ ቢመጣ አልበላውም፤ እኔ የምበላበትን መንገድ አስበውበታል ማለት ነው። ሐርቡ ስሄድ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፣ ግንባሬን ስመው እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ እናቴ ነበሩ፣ የወለዱትንም ያን ያህል አያቀማጥሉም። ምን እንደለወጣቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። የሰይድ ልመና ነው ብዬ ተውኩት፣ ደስታ ሲመጣ ሰው ብዙ አይመረምርም።

ሰይድ አምና በጥር ሞተ። ሳምባው ነው፣ የዓመታት የጥጥ ብናኝ ይመስለኛል። ሊወስዱት ሲሉ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ አፉ በዪው» አሉኝ። እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት የቀረው ሰው ቅያሜውን እንዲተውለት ይጠየቃል። «አፉ ብየዋለሁ» አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እኔ የምተውለት ምን አለኝ? አፉ መባል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አፉ የሚለኝ ሰው ተገንዞ ፊቴ ተጋድሟል። ወንዶቹ መኪና ላይ ጭነው ሐርቡ፣ ከእናቱ አጠገብ ሊቀብሩት ወሰዱት። ሴት ቀብር አትወጣምና እኔ ደሴ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመት እንዴት እንደሆነ ልጻፍ ብዬ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቻለሁ። ጠዋት ዳዊቴን እደግማለሁ፣ እጨርሳለሁ፣ ቀና እላለሁ። የሚጠብቅ የለም። ምንጣፉን አጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ቀን የመጨረሻውን መዝሙር ሳላነበው እተወዋለሁ፣ ካልጨረስኩ ቀና ማለት የለብኝም ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ሞኝነት ሳደርግ ነው የንስሐ አባቴ «ያለፈውን ይናዘዙ» ብለው የመጡት። የገረመኝ ነገር፣ ልናዘዝ ብዬ ስቀመጥ የሚመጣልኝ ኃጢአት አንድ ነው፣ እሱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደረግኩት። እሳቸው ግን የሚጠይቁኝ ስለዚያ አይደለም። ከጨርቅ ቤቱ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ኮምቦልቻ ለመውረድ ወሰንኩ። የሰይድ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘሐራ፣ ከወገኑ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከእሳቸው አፉ ካላገኘሁ ከማንም አላገኝም።

የዱሮዋ የአንድ ብር መንገድ ዛሬ ስንት እንደሆነች ረዳቱ ራሱ በየሳምንቱ እየረሳ ይጨምራል። ሐረጎ ላይ ጉሙ እንደዱሮው ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ኮረዳ ጆሮዋ ላይ ነገር ሰክታ ዘፈን ታዳምጣለች፣ ለማን እንደሚዘፈን ማንም አይሰማም። ሹራቤን አላወለቅኩም፤ በዚህ ዕድሜ ኮምቦልቻም ይበርደኛል። እትዬ ዘሐራ ቦርከና ዳር ባለው ቤታቸው ጉልበታቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩና ተዉት። «ተደሴ በዚህ ዝናብ? ግቢ፣ ግቢ ሆዴ፣ አብሽሪ» አሉኝ።

ከጎናቸው ተቀምጬ ነገሩን ሳላለዝብ ልጀምር ብዬ «እትዬ ዘሐራ፣ አፉ በሉኝ ልል ነው የመጣሁት። ሰይድን በድየው ነበር» አልኩ።

«አንቺ? ሰይድን?» ሳቁ፣ ከልባቸው ነው የሳቁት። «እናታችን ብትሰማሽ ትቆጣሽ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ የምታወራው ያን የጃንጥላውን ነገር አልነበረም ወይ?»

«የቱን የጃንጥላ ነገር?»

«የቤተ ክርስቲያናችሁን ደጅ ነዋ። ለአንቺ አልነገረችሽም? ሰይድ ተደሴ መጣ፣ ሐርቡ እናታችን ዘንድ እኔም አለሁ። ‹እማ፣ የምነግርሽ አለኝ› አለ። ‹የደሴ ትልልቅ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ፣ እኔ በሥራ ልብሴ ኮፊያዬን አድርጌ በስብሼ ቆሜ፣ ማነው አሏት። እሷ ክንዴን ያዘችና ባለቤቴ ነው፣ ሰይድ ይባላል አለቻቸው። ይችን ሴት አትጥያት እማ› አላት። እናታችን ‹በሰዎቿ ፊት በልጄ ካላፈረች፣ እኔ በሚስቱ ላፍር?› አለች። በገበያው ቀን በጉን ራሷ መረጠችው፣ ወላሂ፣ ማንንም አላስነካችም።»

እንባዬ ፈሰሰ። እትዬ ዘሐራ የሐዘን መስሏቸው እጄን ይዘው «አብሽሪ፣ አሏህ ይራሕመው» ይሉኛል። ሰይድ ውሸት የማያውቅ ሰው ነበር። በዚያ አንገቱን ደፍቶ ዝናብ ውስጥ በሄደበት ሳምንት ሐርቡ ድረስ ወርዶ እናቱን ዋሻት፣ ያን ውሸት ሠላሳ አምስት ዓመት ከእኔ ደብቆ ሞተ። የተመረቅኩት፣ የተሳምኩት፣ ልጄ የተባልኩት ሁሉ በእሱ ውሸት ነው። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያችን ወሬ ከእኚህ አሮጊት ላይ መንጠቅና ወንድማቸውን ውሸታም ማድረግ አቃተኝ። «በጣም በስብሶ ነበር» ብቻ አልኳቸው። ያ እንኳ እውነት ነው። ስመለስ ሐረጎ እስክደርስ አለቀስኩ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተናደድኩበት። አንድ ቀን እንኳ ብትሰድበኝ ምን ነበረበት፣ አንድ ቀን እንኳ እሜቴ ብለህ ብታሾፍብኝ ኖሮ አፉ በለኝ ለማለት በር አገኝ ነበር እያልኩ በልቤ ጮህኩበት።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡልኝ። «አባ፣ ባለቤቴን እዚህ በር ላይ ክጄዋለሁ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጃንጥላውን፣ በጉን፣ ውሸቱን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያገላበጡ ቆዩና «ይሄ ከባድ ነው፣ እማማ። እግዚአብሔር ይፍታዎ። ስለ ጋብቻውስ?» አሉኝ።

«ስለ እሱ የምናዘዘው የለኝም። ንስሐ ማለት ወደዚያ ነገር አለመመለስ አይደለም? ሰይድ ዛሬ በሬን ከፍቶ ቢገባ ብድግ ብዬ እጁን አስታጥበዋለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ ላቆርብዎ አልችልም» አሉ። የተናደዱ አይመስሉም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«አውቃለሁ፣ አባ» አልኩና መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ቀላል ነበር አልልም፤ እሺ ብል ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ የማስብበት ሌሊት አለ። አቡጀዲውን አልገዛሁትም። ስሞት ምን እንደሚደረግልኝም አላውቅም።

በፍልሰታ የመጀመሪያው እሑድ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ቆራቢዎቹ ሲወጡ ዓይኔን ከመሬት አንስቼ አየኋቸው፣ አንዳንዶቹ ልጆች ሆነው ያስተማርኳቸው ናቸው፣ ደስ አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ በሩ ወጣሁ። ጧፍ የምትሸጠው ሴት እዚያው ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋን የሰፈራችን ሴቶችና የማኅበር ጓደኞቼ ቆመዋል። ከዚያን ቀን ሴቶች አንዷም የለችም፣ ገሚሶቹ ሞተዋል፣ የርዕሰ መምህሩ ባለቤት የት እንዳለች እንኳ የሚያውቅ የለም። የዋሸኋቸው ጠፍተዋል፣ የተዋሸበትም ሞቷል፣ ቆሜ የቀረሁት እኔና በሩ ነን። ሰይድ ለእናቱ የነገራት ነገር ግን ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። አንድ ጧፍ አነሳሁ።

«ለስለት ነው ወይስ ለነፍስ፣ እማማ?» አለችኝ ሴትየዋ።

«ለነፍስ ነው።»

«ለማን?»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፄን እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ አደረግኩት።

«ለባለቤቴ ነው» አልኩ። «ሰይድ ይባላል።»